አልጌን ከውኃ የመለየት ሥራ፦ የማርጊያና የሜምብሬን ማጣሪያ ሙከራ ማስታወሻ (ጎንደር፣ አዘዞ)

ጥቅምት 5

በአዘዞ ግቢያችን የተዘረጋው የፕላስቲክ ኩሬ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በውስጡ የሚያድገው ክሎሬላ ቩልጋሪስ የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ዛሬ ናሙና ወስደን በማጣሪያ ወረቀት ካጣራን በኋላ አድርቀን ስንመዝነው በአንድ ሊትር 0.6 ግራም ደረቅ ክብደት ተገኘ። በሌላ አነጋገር ከ1000 ሊትር አረንጓዴ ውኃ ውስጥ የምንፈልገው 600 ግራም ብቻ ነው። ማሳደጉ ፀሐይ፣ ዩሪያና ትዕግሥት ካለ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ያለው ያደገውን በማውጣቱ ላይ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የክሎሬላ ሕዋስ ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ክብደቱም ከውኃ እምብዛም አይበልጥም። ባለ 5 ማይክሮ ሜትሩን ሕዋስ ወስደን በስቶክስ ቀመር ብናሰላው በሰዓት የሚሰምጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም ውኃው ፍጹም ረግቶ፣ ሕዋሱም እንደ አሸዋ ቅንጣት ዝም ብሎ ቢወርድ ነው። በዚህ ላይ የሕዋሶቹ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም። ማርጊያ የሚያስፈልገው ይህን መገፋፋት ለማርገብና ሕዋሶቹ ተያይዘው ፍሎክ የሚባለውን ስብስብ እንዲሠሩ ለማድረግ ነው። ስብስቡ 100 ማይክሮ ሜትር ሲደርስ፣ ምንም እንኳ በውስጡ ብዙ ውኃ የያዘ ልል ነገር ቢሆን፣ በሰዓት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊሰምጥ ይችላል።

ጥቅምት 9

የመጀመሪያው የብርጭቆ ሙከራ ተደረገ። ባለ አንድ ሊትር ዕቃዎችን ደርድረን በእያንዳንዱ ላይ ከ50 እስከ 250 ሚሊ ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት ጨመርን፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት (በደቂቃ 200 ዙር)፣ ከዚያ 15 ደቂቃ በዝግታ (30 ዙር) አማስለን ለግማሽ ሰዓት እንዲረጋ ተውነው። አሉሚኒየም ሰልፌትን የመረጥነው የከተማ ውኃ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነና በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

ጠዋት በተቀዳው ውኃ ላይ 150 ሚሊ ግራም ሲደርስ ከላይ ያለው ጠራ፤ በ200 ከሁሉም ይበልጥ ጠራ፤ በ250 ግን ከሥር የተከማቸው ዝቃጭ ከመብዛቱ በቀር ለውጥ አልታየም። በ50ው ዕቃ ውስጥ ያለው ውኃ እንደ አረንጓዴነቱ ቀረ፤ ሆኖም ወደ ብርሃን አቅርበው ሲያዩት በዓይን የሚለዩ ደቃቅ ነጥቦች ይታያሉ። ይህን ነጥብ አስምሬበት አልፋለሁ።

ጥቅምት 10

ያንኑ ሙከራ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ደገምነው፤ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ጠዋት ያጠራው 150 ሚሊ ግራም አሁን ምንም አላደረገም፤ ተመጣጣኝ ጥራት የተገኘው በ250 ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። አልጌው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲመገብ ስለሚውል የኩሬው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ጠዋት ከነበረበት 7.6 ወደ 9.6 ወጥቷል። አሉሚኒየም በብዛት ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ የሚለወጠው በፒኤች 6 እና 7 አካባቢ ሲሆን፣ ፒኤቹ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ተመልሶ ስለሚሟሟ የጨመርነው ማርጊያ ሥራ ሳይሠራ ውኃው ውስጥ ይቀራል።

አሉሚኒየም ሰልፌት በዱቄት ለሚጨምር ሰው ሌላም ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሚሊ ግራም ማርጊያ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል (በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ) የውኃውን አሲድ የመቋቋም አቅም ይበላል። 200 ሚሊ ግራም ጨምረን ውኃውን ወደ ኩሬው የምንመልስ ከሆነ በየጊዜው 100 እየቀነስን ነው ማለት ስለሆነ፣ ቤኪንግ ሶዳ ካልተካንለት ኩሬው ሊቆይ አይችልም።

ጥቅምት 14

ሌሎቹን ማርጊያዎች ባጭሩ ልመዝግብ። ፌሪክ ክሎራይድ በሚገባ ያረጋል፤ ነገር ግን የተሰበሰበውን አልጌ ቡናማ ያደርገዋል፤ ዕቃውንም ልብሱንም ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ተትቷል። ኖራ ፒኤቹን 11 ሲያደርሰው በውኃው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ሲወርድ አልጌውን ጠቅልሎ ይዞት ይወርዳል። ይህ ዘዴ ከሌሎቹ በተቃራኒ ፒኤቹ አስቀድሞ ከፍ ባለበት ከሰዓት በኋላ ይመቻል። የፋሲል ግቢን ግንብ ያያያዘው ኖራ ነውና ጎንደር ከኖራ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ለሜምብሬን (ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ ለሆኑት ማጣሪያ) ግን ኖራ ጠላት ነው፤ በቀዳዳዎቹ ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይለጠፋል፤ የምርቱንም አመድ ያበዛዋል።

ሌላው ማርጊያ፣ የሽፈራው (የሞሪንጋ ዛፍ) ፍሬ፣ ከአርባ ምንጭ በኩል በሚመላለስ ወዳጃችን እጅ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው።

ጥቅምት 21

የሜምብሬኑ ሞጁል ተተከለ። ፒቪዲኤፍ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ቀጫጭን ባዶ ክሮች ጥቅል ነው፤ የክሮቹ ጠቅላላ ገጽ አንድ ካሬ ሜትር፣ የቀዳዳቸውም ስፋት 0.1 ማይክሮ ሜትር ነው። ውኃው ከውጭ ወደ ክሩ ውስጥ ይሳባል፤ አልጌው ከውጭ ይቀራል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያጣሩ ሞጁሎችም አሉ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ወፍራም ውኃ ግን አልመርጣቸውም፤ ምክንያቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነው የክሩ ቀዳዳ ውስጥ ፍሎክ አንዴ ከተሰነቀረ የሚያወጣው የለም።

የሚስበውን ኃይል በተመለከተ ብዙ ተነጋግረን ፓምፑን ትተነዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 101 ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ፓምፕ በመመሪያው ላይ ከተጻፈለት የመሳብ ከፍታ እዚህ ከሁለት ሜትር በላይ ይጎድልበታል። በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል። ግቢያችን ግን ተዳፋት ነው፤ የማጣሪያውን በርሜል በላይኛው እርከን ላይ አስቀምጠን፣ የንጹሑን ውኃ ጎማ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሮቶ ስናወርደው በሲፎን ብቻ 29 ኪሎ ፓስካል የሚሆን የመሳብ ኃይል አገኘን። ለዚህ ሞጁል ይበቃል፤ ከዚህ በላይ መሳብ አልጌውን በክሮቹ ላይ ከማጣበቅ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከሞጁሉ ሥር ክሮቹን እያንቀጠቀጠ የሚያጸዳ የአየር አረፋ የሚነፋ ትንሽ መንፊያ አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው እርሱ ብቻ ነው።

ጥቅምት 23

ሲፎኑ በየጊዜው ይቋረጣል። ጎማው ከበርሜሉ ጠርዝ በሚታጠፍበት ከፍተኛ ቦታ ላይ አየር ይጠራቀማል። መጀመሪያ የቧንቧ ባለሙያው መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ፈትቶ እንደገና በቴፍሎን ጠቀለላቸው፤ ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ቴክኒሻናችን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሲፎኑ የሚቋረጠው ከሰዓት በኋላ በተቀዳ ውኃ ላይ ብቻ ነው።

አየሩ ከውጭ የገባ ሳይሆን ከውኃው የወጣ ነው። አልጌው በፀሐይ ሲሠራ ኦክስጅን ስለሚያመርት ከሰዓት በኋላ ውኃው ሊይዘው ከሚገባው በላይ ኦክስጅን ታጭቆበት ይገኛል፤ በጎማው ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስለት አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእንግዲህ ኩሬው የሚቀዳው ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታበት ይሆናል፤ በርሜሉም በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈናል። ለአሉሚኒየም ሰልፌቱም የሚመቸው ይኸው ሰዓት ስለሆነ በአንድ ውሳኔ ሁለት ነገር ተስተካከለ።

ኅዳር 2

ዋናው ንጽጽር የተደረገው በዚህ ሳምንት ነው። ሁልጊዜ ከኩሬው አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 200 ሊትር፣ እንቀዳለን፤ ማርጊያ ጨምረን፣ አማስለን፣ ሳናስተኛ በቀጥታ ወደ በርሜሉ እንጨምረዋለን፤ በየሩብ ሰዓቱም ቫልቩን ለአንድ ደቂቃ ዘግተን ክሮቹ በአረፋው እንዲራገፉ እናደርጋለን። የምንለካው በአንድ ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈውን ሊትር ነው።

ያለ ማርጊያ የተጣራው በ34 ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ 11 ወረደ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ሜምብሬኑን የደፈነው ሕዋሱ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ሕዋሱ ከቀዳዳው ሃያ ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ ሊገባበት አይችልም። የሚደፍነው ሕዋሶቹ ወደ ውኃው የሚለቁት የስኳርና የፕሮቲን ልጋግ ነው፤ ይህ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይጣበቃል፤ በላዩ የሚደረደሩትን ሕዋሶችም እንደ ጭቃ ያያይዛቸዋል።

በብርጭቆው ሙከራ ከሁሉ የበለጠው፣ 200 ሚሊ ግራሙ፣ በ33 ጀምሮ ወደ 19 ወረደ። በጣም የተሻለ ነው፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በብርጭቆው ውስጥ ውኃውን አረንጓዴ አድርጎ የተወውን አነስተኛ መጠን፣ ትንሽ ከፍ አድርገን 60 ሚሊ ግራም፣ ሞከርነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 22 ላይ ቆመ። ንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ በመግፋት ስናጥበውም ባለ 60ው ወደ መጀመሪያው ፍሰት ሊመለስ ምንም አልቀረውም፤ ባለ 200ው ግን በክሮቹ ላይ አጥሚት የመሰለ ሽፋን ትቶ ነበር።

ነገሩን እንዲህ እረዳዋለሁ። ዝቃጭ ወደ ታች እንዲወርድ የምንፈልግ ከሆነ ትልቅና ከባድ ፍሎክ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሃይድሮክሳይዱ በብዛት ተፈጥሮ ሁሉንም ጠርጎ መውረድ አለበት። ሜምብሬን ግን መስመጥን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጋጉ እንዲታሰርና ሕዋሶቹ በመካከላቸው ውኃ የሚያሳልፍ ክፍተት ያላቸው ጥቃቅን ነጥቦች እንዲሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የጨመርነው ማርጊያ ራሱ ለስላሳና ዝልግልግ ስለሆነ አዲስ መድፈኛ ይሆናል። ትልልቆቹ ፍሎኮችም ቢሆኑ አረፋው ስለሚሰባብራቸው በርሜሉ ውስጥ አይቆዩም። ስለዚህ የብርጭቆ ሙከራን ውኃው ምን ያህል እንደጠራ በዓይን እያዩ መፍረድ፣ ለማስቀመጫ ገንዳ እንጂ ለሜምብሬን የሚሆን ዳኝነት አይደለም። ከጥቅምት 9 ጀምሮ በያዝነው ሰንጠረዥ ላይ «ጥራት» የሚለውን ዓምድ ትቼ «በማጣሪያ ወረቀት 100 ሚሊ ሊትር ለማለፍ የወሰደው ጊዜ» የሚል ተክቼበታለሁ። ቀላል ነው፤ ከሜምብሬኑም ጋር የተሻለ ይስማማል።

ኅዳር 11

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሲፎኑ መሥራቱን አላቆመም፤ አረፋው ግን ስለቆመ ፍሰቱ ቶሎ ወረደ። ቫልቩን ዘግተን ጠበቅን።

ኅዳር 19

ብርዱ ገብቷል። ንጋት ላይ የኩሬው ውኃ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ 21 ይደርሳል። በጠዋቱ ንባብ ፍሰቱ 18 ብቻ ሆኖ ሲገኝ ቴክኒሻናችን ሞጁሉ ተደፍኗል ብሎ ለኬሚካል እጥበት ተዘጋጅቶ ነበር። ውኃ ግን ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ በ12 ዲግሪ ያለው ውኃ በ20 ዲግሪ ካለው ይልቅ 23 በመቶ ያህል ወደ መፍሰስ ይከብዳል። 18ቱን በዚህ ስናርመው 22 ይሆናል፤ ማለትም ሜምብሬኑ ምንም አልሆነም። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ንባብ ወደ 20 ዲግሪ ታርሞ ይጻፋል፤ ያልታረመ ቁጥር እንዳይገባ በሰንጠረዡ ራስ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ጠዋት መቅዳቱ ከብርዱ የተነሣ ጥቂት ፍሰት ያስቀንሰናል፤ በፒኤቹና በኦክስጅኑ የምናተርፈው ግን ይበልጣል።

ኅዳር 26

ከበርሜሉ የሚወጣው ወፍራም ውኃ 10 ሊትር ሲሆን በሊትር 11 ግራም ገደማ አልጌ አለው። ይህንን በአቡጀዲ ከረጢት አንጠልጥለን ሌሊቱን እናንጠባጥበዋለን። ማርጊያ ያልነካው አልጌ በአቡጀዲ ውስጥ ስለሚያልፍ ይህ ደረጃ የሚሠራው በተያያዘው ላይ ብቻ ነው። የቀረውን ሊጥ በጥላ ሥር በሰፌድ ላይ ስስ አድርገን ስናደርቀው 110 ግራም ሆነ።

ዱቄቱን ይዤ በአቅራቢያችን የእንቁላል ዶሮ ወደሚያረቡት እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ከረጢቱን በእጃቸው መዝነው፣ «ልጄ፣ ይህንን ሁሉ በርሜልና ጎማ የደረደራችሁት ለአንዲት ዶሮ ቁርስ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን የምትበላው ወደ 110 ግራም ይጠጋል። ሆኖም አልጌው የሚሰጣት በመኖዋ ውስጥ አንድ በመቶ ተደባልቆ ስለሆነ ያው 110 ግራም ለ11 ኪሎ መኖ፣ ማለትም ለ100 ዶሮ የአንድ ቀን ቀለብ፣ ይበቃል። በክሎሬላ ውስጥ ያለው ሉቲን የአስኳሉን ቢጫ ስለሚያደምቀው እርሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ምን እንደጨመራችሁበት ንገሩኝ» አሉ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር።

ኅዳር 28

የእትዬን ጥያቄ በቁጥር መለስኩት። አሉሚኒየም ሰልፌት ከክብደቱ 9 በመቶው አሉሚኒየም ነው። በ150 ሚሊ ግራም ካረጋን በእያንዳንዱ ሊትር 13.5 ሚሊ ግራም አሉሚኒየም ይገባል፤ አብዛኛው ከአልጌው ጋር ስለሚቀር የደረቀው ዱቄት 2 በመቶ ያህሉ አሉሚኒየም ይሆናል ማለት ነው። ወደ 60 ሚሊ ግራም ስንወርድ እንኳ ወደ 0.9 በመቶ ነው። አሉሚኒየም በአንጀት ውስጥ ፎስፈረስን ይይዛል፤ ሐኪሞች ይህንኑ ጠባዩን የኩላሊት ሕሙማንን ፎስፈረስ ለመቀነስ ይጠቀሙበት ነበር። ለአጥንቷ ፎስፈረስ ለሚያስፈልጋት ዶሮ ግን የሚፈለግ ነገር አይደለም። በአንድ በመቶ የተደባለቀ አልጌ የሚያስገባው አሉሚኒየም ጥቂት ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን በሌላ ሰው ዶሮዎች መኖ ውስጥ በክርክር የሚገባ ነገር አልጨምርም። በአሉሚኒየም ሰልፌት የተሰበሰበው ለዶሮ አይሰጥም።

ታኅሣሥ 6

የሽፈራው ፍሬ ደረሰ። በደቡብ የሚበቅለው የእኛው ሽፈራው ነው። የፍሬው አስኳል አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲን ስላለው አሉታዊ የሆኑትን ሕዋሶች ይስባል፤ ውኃውን ለማጣራት የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው። ልጣጩን አንሥተን፣ ወቅጠን፣ በውኃ ብቻ ስንበጠብጠው የወጣው ፕሮቲን አነስተኛ ነበር፤ ገበታ ጨው በሊትር 58 ግራም ባሟሟንበት ውኃ ስንበጠብጠው ግን ብዙ ተሻለ። 50 ግራም ዱቄት በአንድ ሊትር አድርገን በአቡጀዲ አጥልለን ለእያንዳንዱ ሊትር የኩሬ ውኃ 3 ሚሊ ሊትር ስንጨምር 150 ሚሊ ግራም ፍሬ ጨመርን ማለት ነው። ለ200 ሊትር 30 ግራም ፍሬና 35 ግራም ጨው ይሄዳል፤ የጨውን መጠን በየጊዜው መዝግበን መያዝ ይኖርብናል፤ ምክንያቱም ውኃው ወደ ኩሬው ይመለሳል።

የወረቀቱ ሙከራ ከ60ው አሉሚኒየም ሰልፌት በጥቂት የዘገየ ነው። በሜምብሬኑ ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ 20 ሆነ። የፒኤቹ ለውጥ አያስጨንቀውም፤ ውኃውም አሲድ የመቋቋም አቅሙን አያጣም።

ታኅሣሥ 13

የሽፈራው ጉድለት ታየ። ከፍሬው ዘይትና ትርፍ ፕሮቲን ወደ ውኃው ስለሚገባ ያደረ ሞጁል ይሸታል፤ ክሮቹም ልጋግ ያበጃሉ። ንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ አይለቅም። በረኪናን ከመቶ እጅ አንድ አቅጥነን (በሊትር 500 ሚሊ ግራም ክሎሪን ገደማ) ሞጁሉን ለአንድ ሰዓት ስንዘፈዝፈው ልጋጉ ለቀቀ፤ ፒቪዲኤፍ ክሎሪን ይችላል። በአሉሚኒየም ለቆሸሸው የሚሠራው ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ የሚለቀው በ1 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ነው። ሁለቱን የሚያጥብ ሰው በመካከላቸው ሞጁሉን በብዙ ውኃ ማለቅለቅ አለበት፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ዕቃዎቹን በተለያየ ቀለም ለይተን፣ ሲትሪኩን በሌላ ክፍል አስቀምጠነዋል።

የተበጠበጠው ፍሬም ስለሚበላሽ ለነገ አይቀመጥም፤ በዕለቱ የተዘጋጀው በዕለቱ ያልቃል።

ታኅሣሥ 20

ለእትዬ ዶሮዎች የሚሆነው ሁሉ በሽፈራው፣ ጠዋት በ12 ሰዓት በተቀዳ ውኃ ይሰበሰባል። አሉሚኒየም ሰልፌቱ የሚቀረው ኩሬው በሌላ ነፍሳት ተወርሮ ባዶ መደረግ ሲኖርበት፣ ውኃውን ለማዳን ብቻ ነው። ሽፈራው የተጠቀመ ሞጁል በየሳምንቱ በበረኪና ይታጠባል። ዛሬ ከእጥበት በኋላ በንጹሕ ውኃ የተለካው ፍሰት፣ ወደ 20 ዲግሪ ታርሞ፣ ገና በተተከለ ጊዜ ከነበረው ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ነው። የቀረው አንድ አሥረኛ በሁለተኛው የኬሚካል እጥበት ካልተመለሰ እንደ ቋሚ ኪሳራ እመዘግበዋለሁ።

ሁለተኛ ሞጁል እንዲገዛ ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ሲዘፈዘፍ ሌላው እንዲያጣራ። የፍሬው መላጥ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ከአርባ ምንጭ በኩል የሚመጣው የሚቀጥለው ጭነት ተልጦ እንዲላክ፣ ነገር ግን ሳይወቀጥ እንዲሆን ተነጋግረናል፤ የተወቀጠው በመንገድ ላይ ዘይቱ ይከረፋል።